ለሁሉም የታየ ካርድ

የክሊኒኩ ሰው በሙሉ «ማውጫ» ነው የሚላት። ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት አሥራ አራት ሺህ የወረቀት ካርድ የት የት እንደተቀመጠ በቃሏ ታውቅ ነበር። ስም ሲነገራት ዓይኗን ለአፍታ ጨፈን አድርጋ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል» ትላለች፤ ካርዱም እዚያው ይገኛል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ለመደችው፤ አሁን በእውነተኛ ስሟ ቢጠሯት ዞር የምትል አይመስለኝም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማውጫ የመጽሐፏን የመጨረሻ እርማት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ነበር። መጽሐፍ ሲባል ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስልሳ ስምንት ገጽ መመሪያ ነው። ከኮምፒዩተር ጋር ለማይተዋወቁ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ሲበላሽ ለማን እንደሚነገር ያስረዳል። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል።

እርማቱን ከመጀመሯ በፊት ግን ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን አደረገች። የስህተት ዝርዝሩን ከፈተች።

ይህ ዝርዝር ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከእሱ ነው። ክሊኒኩ የሚጠቀምበት የካርድ ፕሮግራም የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። በብዙ አገር ያሉ ፈቃደኞች ይሠሩታል። የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ስህተት ያገኘ ሰው ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ የጋራ ገጽ ላይ ችግሩን ይጽፋል፤ ገጹን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሲያስቡት ያስደንቃል። አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ የጻፈችውን አምስት መስመር፣ አይቷት የማያውቅ ሰው በሌላ አገር ያነበዋል፤ ቁጭ ብሎ ይፈታላታል፤ መልሶም ለሁሉም ያካፍለዋል። ማውጫ ይህን ምዕራፍ ስትጽፍ እንቅልፍ አጥታ እንደነበር ነግራኛለች፤ ከደስታ የተነሳ።

እና ያን ጠዋት ዝርዝሩ አናት ላይ አዲስ ጽሑፍ አየች። «በአንድ ቀን ሁለት ቀጠሮ ሲያዝ ሁለተኛው ይጠፋል» ይላል። የላከው የእሷው ክሊኒክ ነው!

«የኛ ነው!» ብላ ብቻዋን ጮኸች። ከመመሪያዋ ረቂቅ የወጣ የመጀመሪያው ማመልከቻ መሆኑ ነው። ሠራተኞቹ አንብበዋል፣ ገብቷቸዋል፣ ሠርተውበታል። ጽሑፉን ከፈተችው። ችግሩ በሥርዓት ተጽፏል፤ ምን እንደተነካ፣ ምን እንደተጠበቀ፣ ምን እንደሆነ። ከሥሩ የስክሪን ፎቶ አለ። ነካችው፤ ፎቶው ሰፋ።

የአንዲት በሽተኛ ካርድ ነው። ሙሉ ስም። ዕድሜ፣ ሠላሳ አራት። ሥራ፣ መምህርት። ስልክ ቁጥር። ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ሦስተኛ ዓመት ክትትል። የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ።

ማውጫ ክው አለች። ሰዓቱን አየች። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የተለጠፈው። አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ለዓለም ተሰጥቶ አድሯል።

መምህርቷን ታውቃታለች። ሕመሟን ከክሊኒኩ ውጭ የሚያውቅ ሰው እንደሌለም ታውቃለች፤ ወረፋ እንኳን የምትይዘው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ሒሳብ ታስተምራለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም። ነገር ግን በሽታው ስሙ ሲነሳ ሰው ወንበሩን የሚያርቅበት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቢሰማ ምን እንደሚመጣ አስባ አስባ ስለደከማት ዝምታን መርጣለች።

ማመልከቻውን የጻፈችው ካርድ ክፍል የምትሠራው ወጣት ነች፤ ሁሉም «ረጅሟ» ይላታል።

«ይቺን ትናንት የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዩት እትዬ?» አለች ረጅሟ፣ ፊቷ በርቶ። «ቆንጆ አይደለም? አንድም ነገር አላስቀረሁም!»

«ስሙን ለምን አልሸፈንሽውም?»

«መሸፈን?» ረጅሟ የሚቀለድባት መሰላት። «ሥራ የጀመርኩ ቀን ምን አሉኝ? ሙሉ ስም የሌለበት ካርድ የጠፋ ካርድ ነው አላሉኝም? አንድ ፊደል ብትጎድል አልቀበልም ብለው አራት ጊዜ አስጽፈውኛል እኮ።»

«እሱ እዚህ ውስጥ ነው! ኢንተርኔት ላይ አውጪው ብዬሻለሁ?»

ረጅሟ ረቂቁን ከመሳቢያዋ አወጣችና ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠች። ጣቷን አስደግፋ አነበበች። «‹የስክሪን ፎቶ አያይዙ። ያለ ፎቶ ስህተት ማመልከት ሐኪም ዘንድ ሄዶ አመመኝ ብሎ የት እንደሆነ አለመናገር ነው። ምንም አትደብቁ።›» ቀና አለች። «ምንም አትደብቁ ይላል፣ እትዬ።»

ማውጫ ገጹን ከእጇ ወስዳ አየችው። ሁለቱም ደንብ የእሷ ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ ሁሉን ጻፉ ያለችውም እሷ፣ ዝርዝሩ ላይ ምንም አትደብቁ ያለችውም እሷ። ሁለቱ ደንቦች አንድ ቀን አንድ ሰው እጅ ላይ እንደሚገናኙ አላሰበችም። ረጅሟ ያጠፋችው ነገር የለም። የተባለችውን ነው ያደረገችው፤ ያውም በትጋት።

«አሁኑኑ አጥፊው» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ረጅሟም ነገሩ ገብቷት ቀለሟ ተለወጠ።

አጠፉት። ፎቶው ከገጹ ላይ ወረደ፤ ግን በቦታው «ታርሟል» የምትል ትንሽ ቃል መጣች። ማውጫ ቃሏን ስትነካት የቀድሞው ጽሑፍ ከነፎቶው ተመልሶ ወጣ። እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። በክፍት ሥራ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ሁልጊዜ ይያዛል፤ ማንም ሰው የሠራውን አጥፍቶ አልሠራሁም እንዳይል። ማውጫ ራሷ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ «ምንም ነገር በስውር አይጠፋም!» ብላ በቃለ አጋኖ አወድሳዋለች። አሁን ያቺን ቃለ አጋኖ ልትነቅላት ፈለገች።

ፕሮግራሙን የተከለላቸው ኢንጂነር ዘንድ ደወለች።

«ዝርዝሩ ላይ ‹እባካችሁ አጥፉልን፣ የበሽተኛ ስም አለበት› ብዬ ልጻፍ?»

«እንዳትጽፊ!» አለ። «እንደዚያ ብለሽ ከጻፍሽማ ያላየውም ሮጦ ሊያየው ይመጣል። የዝግ አድራሻ አላቸው፤ ለፕሮግራሙ ጠባቂዎች ብቻ የሚደርስ። እዚያ ጻፊ። ከሥር መሠረቱ ማጥፋት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«አሁን አሉ?»

«አንደኛዋ አገር ገና አልነጋም። ሌላኛውን እንጃ።»

«እስኪነጋ ልጠብቅ?»

«ምን አማራጭ አለሽ? ይልቅ ሌላ ጉድ ልንገርሽ። ዝርዝሩን ለሚከታተሉ ሁሉ አዲስ ነገር ሲለጠፍ በኢሜይል ይሄድላቸዋል። ፎቶውም አብሮ።»

ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው። ማውጫ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሰዎቹን በዓይነ ሕሊናዋ መደርደሪያ ላይ መደርደር ጀመረች፤ ሃያ አንድ ዓመት የለመደችው ሥራ ነው። አብዛኞቹ ሩቅ አገር ናቸው፤ ስሙን ቢያዩትም አንዲት የማያውቋት ሴት ናት። የሚያስፈራው የሩቁ ሰው አልነበረም። የሚያስፈሩት እዚሁ ከተማ ያሉት ናቸው፤ በሌሎቹ ክሊኒኮች ካርድ ክፍል የሚሠሩት። «ዝርዝሩን ተከታተሉ፣ ብዙ ትማራላችሁ» ብላ ደጋግማ የመከረቻቸው እሷ ናት። የተመዘገቡት ዘጠኝ ናቸው። ዘጠነኛዋ የምትሠራው መምህርቷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጋር አጥር በሚጋራው ክሊኒክ ነው።

እዚህ ላይ ማውጫ ለምን ይህን ያህል ለክፍት ሶፍትዌር እንደምትሟገት መናገር አለብኝ፤ አለዚያ በዚያ ቀን አደጋ ላይ የወደቀው ነገር በግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ከሦስት ዓመት በፊት ክሊኒኩ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ዝግ ነበር። የሸጠው ድርጅት አንድ ቀን ስልክ ማንሳት አቆመ፤ ፕሮግራሙን የሚከፍተው የቁልፍ ቁጥር ጊዜው አለፈ፤ ካርዶቹ በሙሉ ውስጥ እንዳሉ ተቆለፉ። አሥራ አንድ ቀን። ማውጫ በር ላይ ቆማ «የሚወስዱት መድኃኒት ምን ነበር? መልኩስ? ነጭ ነው ቢጫ?» እያለች በቃል ጠየቀች። አንዲት እናት የልጇን መድኃኒት በተሳሳተ መጠን ተናግራ ልጁ ሁለት ቀን ተኛ። ተርፏል። ማውጫ ግን ያን ጊዜ «ለምንድን ነው የገዛ ካርዳችንን ማየት የማንችለው?» ብላ መጠየቅ ጀመረች፤ መልስ እስክታገኝም አላቆመችም።

መልሱን ያገኘችው ቤቷ ነው። ባለቤቷ ሰዓት ጠጋኝ ነው። አንድ ምሽት ራት ላይ ስትነዘንዘው ሁለት ሰዓት አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። «ይሄኛው ጀርባው ተጠርቅሞ ተዘግቷል፤ ሲቆም ትጥይዋለሽ ወይ ለሻጩ ትሰጪዋለሽ። ይሄኛው ጀርባው መስታወት ነው። ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ እኔም አየዋለሁ፣ ጎረቤቴም ያየዋል፣ ማናችንም ልንጠግነው እንችላለን። በይ አሁን ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።» የመመሪያዋ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይኸው ነው።

ወደ ዝግ አድራሻው ጻፈችና ለዘጠኙም መደወል ጀመረች። ደብተር አውጥታ ዘጠኝ መስመር አሰመረች። ስሙን በስልክ እንዳትደግመው ተጠነቀቀች። «ትናንት ከዝርዝሩ አንድ ኢሜይል ደርሶሻል፤ ሳትከፍቺ አጥፊው፤ ከከፈትሽውም አጥፊው፤ ከቆሻሻ መጣያውም ውስጥ አጥፊው፤ ጨርሰሽ ንገሪኝ፣ ስልኩን አልዘጋም።» አንዱ ገና አልከፈተውም። ሌላዋ «ኧረ እኔ ኢሜይሌን የከፈትኩት ምን ጊዜ ነው» አለቻት፤ ማውጫ በሰው ስንፍና በሕይወቷ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስምንቱ ላይ ምልክት ገብቷል። ዘጠነኛዋ ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ክሊኒኳ ስትደውል «ዛሬ አልገባችም» አሏት።

ዋና ሐኪሟ በሩን ዘጋችና ቆማ አናገረቻት። ረጅሟ ነግራታለች።

«ጠፍቷል?»

«ገና ነው።»

«እስኪጠፋ ዝም በይ። ከጠፋም በኋላ ዝም በይ።»

«ዶክተር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣለች። የጠፋው ቀጠሮ የሷ ነው፤ ዛሬ ተመለሽ ብለናታል።»

«መድኃኒቷን ወስዳ ትሂዳ። ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት? ምናልባት ማንም ላላየው ነገር ሰላሟን ልትነሻት?»

«እኔ አውቄ፣ አንቺ አውቀሽ፣ ረጅሟ አውቃ፣ እሷ ብቻ ሳታውቅ?»

ሐኪሟ ግንባሯን አሸች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የደከማት ሰው ናት። «ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል። ይህን ከሰሙ ‹ክፍት ነገር አደጋ አለው ብለን ነበር› ነው የሚሉት። ያ የተቆለፈው ፕሮግራም ይመለሳል። አሥራ አንዱን ቀን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁትም። ያኔም በር ላይ ቆሜ ለሰው ‹ካርዳችሁን ማየት አንችልም› ያልኩት እኔ ነበርኩ። ‹ሲስተም የለም› በይ ስትሉኝ እምቢ አልኩ።»

«ታዲያ እንዳሻሽ አድርጊ» አለች ሐኪሟ። «ግን የት እንዳደረስሽን ኋላ እንዳትጠይቂኝ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከዝግ አድራሻው መልስ መጣ። አጭር ነው። ጽሑፉም ፎቶውም የለውጦቹ ታሪክም ከሥር መሠረቱ ተሰርዟል፤ በኢሜይል የሄደውን ግን መመለስ አይቻልም፤ ይቅርታ። ማውጫ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዘጠነኛዋ ጋ ደወለች። አይነሳም።

ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ መምህርቷ ገባች። ማውጫ የድሮ ካርዶች የሚቀመጡበት ትንሿ ክፍል አስገብታ ወንበር ሰጠቻት።

«ተገኘ ቀጠሮዬ?»

«ተገኝቷል። የምነግርሽ ሌላ ነገር ነው። እስክጨርስ ስሚኝ፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።»

ነገረቻት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተል፣ አንድም ነገር ሳትለውጥ። መምህርቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አዳመጠች። አላለቀሰችም። መጀመሪያ የተናገረችው ቁጥር ነው።

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት መቶ አሥራ አራት።»

«ከስንት እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከትናንት አሥራ አንድ እስከ ዛሬ ሰባት ተኩል።»

«ሃያ ሰዓት ተኩል» አለች ወዲያው። «እዚህ ከተማ ያሉትስ?»

ማውጫ ደብተሩን አሳየቻት። መምህርቷ ዘጠኙን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ወረደችው።

«የመጨረሻው ለምን ምልክት የለውም?»

«አልተገኘችም። ከእናንተ ትምህርት ቤት ጎን ያለው ክሊኒክ ነው የምትሠራው።»

«ልጇ እኔ ክፍል ናት» አለች መምህርቷ። በሩቅ የሌሎች ሰዎች ስም ሲጠራ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ጠንክሯል። «ካርዴን ኮምፒዩተር ውስጥ ስታስገቡ ይኼ ክፍት የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አለ?»

«የለም።»

«መጽሐፉ ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለካርድ ክፍል ሠራተኞች።»

«እኔስ?»

ማውጫ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህን ማን ያነበዋል?» እያለች ጽፋለች። ዘበኛውን አስነብባለች፣ ጽዳቷን አስነብባለች፣ ግንባራቸው በተቋጠረበት ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጋለች። ካርዱ የማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

«አንቺን ረስቼሻለሁ» አለች።

«እስቲ አሁን ያስረዱኝ።»

አስረዳቻት፤ ያለ ቃለ አጋኖ። ክፍት የሆነው ፕሮግራሙ ነው፤ አሠራሩ፣ ጥርሱ። ካርዱ የሚቀመጠው እዚህ ክሊኒክ ውስጥ ባለ ማሽን ነው፤ እሱ በቁልፍ ነው የሚከፈተው። የፕሮግራሙን ኮድ በሙሉ ያነበበ ሰው የአንቺን ስም አያገኝም።

«ታዲያ እንዴት ወጣ?»

«ፕሮግራሙ አላወጣውም። ያወጣው የኔ ገጽ ሠላሳ አንድ ነው።»

የማውጫ ስልክ ጮኸ። ዘጠነኛዋ ናት። ማውጫ መምህርቷን አየቻት፤ መምህርቷ ጣቷን ወደ ድምጽ ማጉያው ጠቆመች።

«እትዬ! አሥራ ሁለት ጊዜ ደውለዋል፣ ሰላም ነው? ስልኬን ቤት ጥዬ ጥርሴን ልነቀል ሄጄ…» ምላሷ ገና በማደንዘዣው ተሳስሯል።

«ትናንት ከዝርዝሩ የመጣውን ኢሜይል ከፍተሽዋል?»

«አዎ፣ እሱን! ከፈትኩት፤ ደነገጥኩ። የልጄ አስተማሪ ናት እኮ! ወዲያው አጠፋሁት። ለማን እናገራለሁ፣ እኔ የካርድ ክፍል ሰው አይደለሁም እንዴ? ለአንድ ነፍስ አልተነፈስኩም።» ትንሽ ቆመች። «ለባሌ ብቻ ነው የነገርኩት።»

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለባልሽ» አለች ማውጫ።

«ልጅቷ የሁለታችን አይደለች? እሱ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ነገ አሥር ሰዓት ስብሰባ አላቸው…»

መምህርቷ እጇን ዘረጋች። ማውጫ ስልኩን ሰጠቻት።

«ሃሎ። እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

«የልጅሽ የሒሳብ አስተማሪ።»

ከመስመሩ «ወይኔ ጉዴ» የሚል ድምጽ ተሰማ።

«ባልሽ ምን አለ?»

«ምንም… ‹ክፍል ውስጥ ብትወድቅስ› ነው ያለው። በክፋት አይደለም፣ መምህር።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እስከ ስብሰባው ድረስ፣ ስብሰባው ላይም፣ አፉን ይያዝልኝ። ይችላል?»

«በልጄ እምላለሁ፣ እኔ አሲዘዋለሁ!»

መምህርቷ ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ክፍልፋይ ለሃምሳ ልጅ አስረዳለሁ» አለች። «ይኼን ግን ለአንድ ሰው አስረድቼ አላውቅም። አፌን ስከፍት ለቅሶ ይቀድመኛል። እርስዎ ለማያውቅ ሰው ነው የሚጽፉት አይደል? ይጻፉልኝ። አንድ ገጽ። እሱ አንብቦ የሚገባው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማተሚያ ቤቱ ሰው ደወለ። «ማሽኑ ዝግጁ ነው፤ ይመጣል ወይስ ሌላ ሥራ ላስገባ?»

«አስገባ» አለች ማውጫ፣ ቀና ሳትል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይሄ የአእምሮን አሠራር ማስተማር ነው። ርዕሰ መምህሩ ፈተና አይቀመጥም። መጀመሪያ የሚፈራው ምንድን ነው?»

«ይተላለፋል ወይ የሚለውን?»

«ልክ። እሱ አንደኛ መስመር ይሁን። ቀጥሎ?»

«ልጆቹ ፊት ብትወድቅ።»

«ሁለተኛ መስመር።»

ሐኪሟ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «‹ድናለች› አትበሉ። ‹በመድኃኒት ተቆጣጥራዋለች› በሉ። ሦስት ዓመት ያለ ምንም ምልክት፤ እሱን በቁጥር ጻፉት፤ እኔ እፈርምበታለሁ።»

አንድ ገጽ ሲሆን ማውጫ ወረቀቱን ይዛ ብድግ አለች፤ በሩ ጋ ደረሰች።

«ወዴት ነው?» አለች መምህርቷ።

«ለዘበኛው ለጋሼ ላስነብበው፤ እሱ ከገባው…» እግሯ ተተከለ። ፊቷ አመድ መሰለ። የልማዷን ልታደርግ ነበር።

መምህርቷ ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ አፏን ይዛ። «እርስዎስ አይለቅዎትም! ይስጡኝ እስቲ።» ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስሟ የለበትም፤ ሥራዋም። መልሳ ሰጠቻት። «አሁን ያስነብቡት። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ዘበኛው መነጽሩን አጥልቆ ቆሞ አነበበው። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን ሰውየው ሲወድቅ አፉ ውስጥ ማንኪያ እንደሚከተት አልጻፋችሁም።»

ማውጫ ሮጣ ተመለሰች። አራተኛው መስመር እንዲህ ተጨመረ፤ «አፏ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ። በጎኗ አስተኟት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ጥሩ።»

ረቡዕ ጠዋት መምህርቷ ወረቀቱን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ማውጫ ያን ቀን ከኮምፒዩተሩ ሁለት ካርድ አሳስታ አወጣች፤ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። አምስት ሰዓት ላይ መምህርቷ ደወለች። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። የጠየቀው ጥያቄ ግን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ «ወላጆች ማወቅ የለባቸውም ወይ?» አላት። «የለባቸውም» አለችው። «ዛሬ ስብሰባው ላይ እኔም እኖራለሁ፤ እናያለን» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈ።

እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላወቀም። ማውጫ ያን ከሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ ገጽ ሠላሳ አንድን አዲስ ጻፈችው። ሁለት አንቀጽ ብቻ ናት። ስህተት ስታመለክቱ መጀመሪያ የሌለ በሽተኛ ፍጠሩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም ከራሳችሁ ስጡት፤ ስህተቱን በእሱ ካርድ ላይ ደግማችሁ አሳዩ፤ ፎቶውን ከእሱ አንሱ። ከመላካችሁ በፊት ሌላ ሰው ያየው። ከሥሩ አዲስ ምዕራፍ ጀመረች፤ ርዕሱ «ካርዱ የእርስዎ ለሆነ» ይላል፤ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው የሚሰጥ። ሐኪሟ በበኩሏ ለሐሙሱ ቦርድ የሆነውን ሁሉ ራሷ ጽፋ አዘጋጀች። «ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት» አለች፤ ቢፈርዱም ይፍረዱ።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ማውጫ መደርደሪያዎቹን ወለወለች፤ ባዶ መደርደሪያዎች። ረጅሟም ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የማውጫ ስልክ ላይ ከመምህርቷ አጭር መልእክት ገባ።

«አለቀ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ ሽንት ቤቱ በር ነው የተጨቃጨቁት። ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው።»